ቆጣሪው ሳይደርስ ያለፈ ወፍ

በየዓመቱ የግንቦት ወር ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሜይ ሁለተኛ ቅዳሜ በሚውልበት ዕለት፣ ዓለም አቀፍ የተሰዳጅ አእዋፍ ቀን ይከበራል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከል በሚያስተዳድረው፣ ኢበርድ በተባለው መዝገብ አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ቆጠራ ይካሄዳል፤ በዕለቱ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያዩትንና ድምፁን የሰሙትን ወፍ ሁሉ ይመዘግባሉ። አዲስ አበባ መሀል የሚኖር የወፍ ወዳጅም በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ተነስቶ ከስድስት ኪሎ ግቢ ዛፎች ሥር ወይም ከባንተይቀጡ ወንዝ ዳር ቆሞ ቢቆጥር የዚህ ሥራ ተካፋይ ይሆናል። ችግሩ ሊቆጥራቸው ከወጣላቸው ተጓዦች አብዛኞቹ ከተማዋን አልፈው ከሄዱ ሳምንታት ማስቆጠራቸው ነው።

ቀኑን የመረጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። ሜይ ማለት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወፎች ከብርዱ ወራት መጠለያቸው ተመልሰው ጎጆ ሠርተው ወደሚፈለፍሉበት አገር በብዛት የሚገቡበት ወር ነው፤ ለእነዚያ አገሮች ሰው ዕለቱ እንግዳ የሚቀበልበት ነው። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የምትገኝ፣ እንግዶቹን የምትሸኝ ከተማ ናት። ሸኚና ተቀባይ ያንኑ መንገደኛ በአንድ ቀን ሊያዩት አይችሉም። ስለዚህ በግንቦት መግቢያ አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ዝርዝር በአመዛኙ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩትን ወፎች የሚያሳይ ሲሆን፣ ስለ ፍልሰቱ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ይህን ልብ ሳይሉ «ዘንድሮ ተሰዳጆቹ ቀንሰዋል» ብሎ መደምደም፣ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ጣቢያ ደርሶ መንገደኛ የለም እንደ ማለት ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ወቅት ስም አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን «ጸደይ» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው መስከረምና ጥቅምት፣ አደይ አበባና የጠራ ሰማይ ነው። በቤተ ክርስቲያን የወቅቶች አከፋፈል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው በልግ የሚዘንብበት፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የፈረንጆቹን የጸደይ ፍልሰት ወደ አማርኛ ስንመልስ የምንሳሳተው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ አንባቢ መስከረምን፣ ሌላው ሚያዝያን ያስባል። በዚህ ጽሑፍ «የመመለሻ ጉዞ» የምለው፣ ወፎቹ ከአፍሪካ ወደ ሰሜን የሚያደርጉትን፣ በእኛ አገር ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ የሚዘልቀውን ጉዞ ነው።

ጉዞው በአንድ ጊዜ የሚጠናቀቅ አይደለም፤ ይህም ለቆጣሪው ትልቁ ነገር ነው። ኢትዮጵያ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር የፍልሰት መስመር ላይ ነው። በሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ለሚጓዙ ትልልቅ ወፎች ይህ መስመር በዓለም ሁለተኛው ዋና መንገድ ሲሆን፣ 37 ያህል የንስር፣ የሽመላ፣ የጥንብ አንሳና የመሳሰሉት ዝርያዎች፣ በድምሩ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች በየዓመቱ እንደሚያልፉበት ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር በባብ ኤል መንደብ የባሕር መተላለፊያ በጂቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ታዛቢዎች ከአንድ ወር ጥቂት ዘለግ ባለ ጊዜ ውስጥ ወደ 246 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎችን መዝግበዋል። ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ በመጡበት በር አይወጡም። ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጣው የሜዳ ንስር በመኸር በባብ ኤል መንደብ ይገባና፣ በመመለሻው የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ስዊዝ ቦይ ያቀናል። በእስራኤል ደቡብ ጫፍ በኤላት ሰማይ ላይ የሜዳ ንስር በብዛት የሚታየው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ከእኛ ዘንድ የሚነሳው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በሌላ አነጋገር ጎልማሳውን ንስር መሸኘት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ቆጣሪ የዓድዋ በዓል ሳይደርስ ሥራውን መጀመር ይኖርበታል።

ትንንሾቹ ወፎች ዘግየት ይላሉ። ክብደታቸው 10 ግራም ገደማ የሆነ፣ በቅጠል መሀል ሲሽሎኮሎኩ ዓይን የማያርፍባቸው ነፍሳት በል ወፎች የበልጉ ዝናብ ያፈላውን ትል፣ ትንኝና ምስጥ እየለቀሙ ስብ ያጠራቅማሉ። ከመካከላቸው በረሃውን ለማቋረጥ ሲሰናዱ ክብደታቸውን እስከ እጥፍ የሚያደርሱ አሉ። ይህ ስብ ለሰሃራና ለዓረቢያ በረሃ የሚሆን ስንቅ ነው። መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ውስጥ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ባለ ወይራ ወይም ጽድ ላይ ትናንት ያልነበረ ጭጭታ የሚሰማው ለዚህ ነው። በማግስቱ ደግሞ ዛፉ ጸጥ ሊል ይችላል፤ አብዛኞቹ የሚጓዙት በሌሊት ነውና። በአንድ ቅዳሜ የሚደረግ ቆጠራ ከእነዚህ ሁለት ቀናት በአንዱ ላይ መውደቁ የዕጣ ጉዳይ ነው።

ስለ መምጣትና መሄድ የምናውቀው ነገር በራሱ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን፤ ወፊቱ ከአንድ ቦታ መጥታ፣ ደመራው ሲበራ ታይታ፣ ተመልሳ የምትሄድ ይመስለናልና። በዚህ ስም ከምንጠራቸው መካከል ግን በርካቶቹ የትም አይሄዱም። በክረምት መውጫ ወንዶቹ ለመራቢያ ወቅት ቢጫና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ላባ ይለብሳሉ፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጭራ ያወጣሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን አውልቀው እንደ ሴቶቹ ድንቢጥ የሚመስል ቡናማ ልብስ ይለብሱና እዚያው ማሳ ዳር ይውላሉ። ሄዱ ያልናቸው ልብስ ቀይረው ነው። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ጭልፊት ነው። በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምናየው ስለሚመስለን እንደ ቤተኛ እንቆጥረዋለን፤ ነገር ግን ምንቃሩ ቢጫ ከሆነው የአፍሪካ ጭልፊት ጋር በበጋው ወራት ከሰሜን የሚመጣው ጥቁር ምንቃር ያለው ዘመዱ ተቀላቅሎ ያንዣብባል። እንግዳው ሲሄድ ያየው የለም፤ ከሥር ሆኖ ላየ ሰው ሁሉም ጭልፊት ነውና።

የዚህ ሁሉ ሥር ስም ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። አማርኛችን ለከብትና ለፈረስ መልክ ቡላ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሐመር እያለ የሚለይ የበለጸገ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ሰማይ ላይ ለሚንሳፈፍ ትልቅ ወፍ ሁሉ ግን «አሞራ» የሚለው አንድ ቃል ይበቃዋል። አሞራ ጭልፊትን፣ ንስርን፣ ጥንብ አንሳን፣ አንዳንዴም አባ ኮዳን ይጨምራል። ለዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ምንም አይጎዳም፤ በቆጠራ ቅጽ ላይ «አሞራ፣ 40» ተብሎ ሲጻፍ ግን ያ ማለዳ የባከነ ነው። ምክንያቱም ከእነዚህ 40 ውስጥ 38ቱ ጭልፊት ሆነው 2ቱ ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ትንሽ ጥንብ አንሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ውስጥ ካሉት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል። የሜዳ ንስርም በዚያው ዓመት ለመጥፋት ከተቃረቡት ጎራ ገብቷል። በቄራ አካባቢ ጣሪያ ላይ ተደርድሮ ስለምናየው ጥንብ አንሳ የበዛ ይመስለናል፤ በዓለም ላይ እየሳሳ ያለ ፍጡር በአንድ ከተማ ቆሻሻና ሥጋ ዙሪያ ተሰብስቦ መታየቱ ግን የመብዛቱ ማስረጃ አይደለም።

መለየቱ ደግሞ የሚያቅት አይደለም። ጭልፊት ጭራው እንደ መንሽ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሲበር ጭራውን እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። ባለ ቆቡ ጥንብ አንሳ ክንፉ ሰፊ፣ ጭራው አጭር፣ ፊቱ ላባ የሌለበት ሮዝማ፣ ምንቃሩ ቀጭን ነው። የሜዳ ንስር ከሁለቱም ይገዝፋል፤ የአፉ ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ ጀርባ ይዘልቃል፣ ወጣቱ ደግሞ ከክንፉ ሥር ነጭ መቀነት አለው። ይህን ያህሉን የአንድ ቅዳሜ ልምምድ ያስተምራል። «ቁራ» የሚለው ስምም እንዲሁ መፈተሽ አለበት፤ ወፍራም ምንቃርና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ በዋናነት በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኝ ሲሆን፣ ደረቱ ነጭ የሆነው ቁራ ግን በአፍሪካ ከዳር እስከ ዳር ያለ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና በፒያሳ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ የሚያርፈው፣ ማጅራቱ ነጭ፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት የሚያሳየው እርግብም የዚሁ የሁለቱ አገሮች ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ የወፍ ተመልካች ሻንጣውን ሳይፈታ የሚፈልገውን ይህን እርግብ፣ የእኛ ቆጣሪ «የቤት እርግብ ነው» ብሎ ሳይጽፈው ያልፋል።

ይህን ሳነሳ ስም መፍጠር የቆጣሪው ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። በአራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጡት የወፍ ናሙናዎች ፊት ለፊት ቆሞ ጭልፊትን ከንስር መለየት የሚቻልበት ዕድል በከተማዋ መሀል አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ወፍ የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት አንጋፋ ተቋም ነው። የጎደለው፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ መሀል በተደጋጋሚ ለሚታዩ 60 ወፎች ሁሉም ቆጣሪ የሚስማማበት፣ ገበሬውም የከተማ ልጅም የሚናገረው የአማርኛ ስም በአንድ ገጽ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ሳቢሳ፣ ዋኔ፣ ግንደ ቆርቁር፣ ጨረባ፣ ራሷ ላይ ጉትዬ ያላት ጅንጁላቴ ወፍ የመሳሰሉት ስሞች አሉን፤ ከእነሱ መጀመር ይቻላል።

ቆጠራ ከመመልከት የሚለየው በምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ ካልመለስን በጎ ፈቃደኛው የሚያወጣው ጊዜ ሁሉ ለመዝናናት ብቻ የሚውል ይሆናል፤ መዝናናቱ መጥፎ ባይሆንም። አንድ ሰው ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ሲንሸራሸር ያማረ ወፍ አይቶ ፎቶ ቢያነሳና ቢጽፍ፣ ያ ወፍ በዚያ ቀን እዚያ እንደነበረ እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ አናውቅም። ያው ሰው በየሳምንቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ከኩሬው ዳር አንድ ቦታ ቆሞ፣ የለየውን ወፍ ሁሉ፣ ያማረውንም ያላማረውንም ቢጽፍ ግን፣ ያላያቸው ወፎችም መረጃ ይሆናሉ። በኢበርድ መዝገብ ላይ «የለየኋቸውን ሁሉ መዝግቤአለሁ» የሚለው ጥያቄ ከማናቸውም በላይ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ አዎ ተብሎ ሲመለስ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ወፍ ዜሮ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የቆየው ጊዜ፣ የተጓዘው ርቀትና የቆጣሪዎቹ ብዛት ሲጨመሩበት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ 30 ዝርያ ያየን ሰው በ20 ደቂቃ 15 ካየው ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

የዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 በገና ዕለት 27 ሰዎች ወፍ ከመግደል ይልቅ መቁጠር ይሻላል ብለው የጀመሩት ቆጠራ እስካሁን አልተቋረጠም። እሱና ሌሎች በፈቃደኞች የሚሠሩ ዓመታዊ ቆጠራዎች ተደምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎችን፣ ማለትም ከነበሩት 29 በመቶውን እንዳጣች ለማወቅ አስችለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራም በእኛ ሐይቆች ላይ ይሠራል። ከእነዚህ አንዱም በአንድ ዓመት ያፈራ የለም።

በአዲስ አበባ ላይ ከሌላ አገር ከተማ የተለየ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሰዓትና ቀን። እኛ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ብለን የምንጽፈውን መተግበሪያው የቀትር ሰዓት አድርጎ ይቀበለዋል። 1 ሰዓት ብለን የምንሞላው ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያለው ሰዓት ይሆናል፤ በሌሊት ጨረባ የቆጠረ ሰው እንግዲህ ይኖረናል ማለት ነው። ቀኑ ከዚህ ይብሳል። መጋቢት ሰባተኛው ወራችን በመሆኑ 20/7 ብሎ በወረቀት የጻፈ ፈቃደኛ፣ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሌላ ሰው ጁላይ 20 ብሎ ካነበበው፣ በመጋቢት የታየች ተሰዳጅ ወፍ ሐምሌ 13፣ በክረምቱ ልብ፣ አዲስ አበባ ላይ ትገኛለች። መዝገቡን የሚያጣሩት ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ የሚጥሉት ያቺን አንዷን መስመር ብቻ አይሆንም፤ የሰውየውን ዝርዝር ሁሉ በጥርጣሬ ያዩታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ፣ ከሰዓቱም ጎን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን አለመዝለል።

ሰዓት ለሌላም ነገር ወሳኝ ነው። በቅጠል ውስጥ የሚውሉት ትንንሾቹ ወፎች ፀሐይ እንደወጣች ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲንቀሳቀሱና ሲጮኹ፣ ተንሳፋፊዎቹ ግን መሬቱ ሙቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት እስኪጀምር፣ እስከ 3 ሰዓት ገደማ ድረስ፣ ካደሩበት አይነሱም። አንድ ቆጣሪ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ካለ አንዱን ያጣል። ተንሳፋፊዎቹን መቁጠር ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። በመስቀል አደባባይ ላይ 30 ጭልፊት ሲዞር የሚያይ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ 30 ቢያይ 60 ብሎ መጻፍ የለበትም፤ እነዚያው ናቸውና። ለነዋሪዎቹ የሚጻፈው በአንድ ጊዜ የታየው ከፍተኛው ቁጥር ነው። ለተጓዦቹ ደግሞ፣ በሙቁ አየር ውስጥ እየተሽከረከሩ ሲወጡ ሳይሆን፣ ጫፍ ደርሰው ወደ ሰሜን በመስመር ሲንሸራተቱ መቁጠር ነው። ያኔ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሚሰለፍ፣ የተቆጠረ ወፍ ተመልሶ አይቆጠርም።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩለው በከተማዋ መልክ ምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ፒያሳን፣ አራት ኪሎንና ሌሎች መሀል ሰፈሮችን በወራት ውስጥ ቀይሯል። ይህ ለወፎች ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ እንደ ወፉ ይለያያል። ድንጋይና ፈሳሽ ውኃ የምትወድ፣ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምታወዛውዝ ከአውሮፓ የምትመጣ ወፍ የጸዳ የወንዝ ዳር ሊስማማት ይችላል። በየግቢው የነበረ የኮክ፣ የኮሽምና የኮሶ ዛፍ፣ አጥር ላይ የተንዠረገገ ሐረግ ውስጥ ምግቧን የምትለቅመዋ ባለ 10 ግራም ተጓዥ ግን በተላጨ ሣርና በዘንባባ ተርታ ውስጥ የምታገኘው ጥቂት ነው። ሣር ለሣር በል ነፍሳትና ለሳቢሳ ይሆናል፤ ቁጥቋጦን አይተካም። እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ ግምት ሆነው እንዳይቀሩ የሚያደርጋቸው ልማቱ ሳይደርስ በፊት የተሠራ ቆጠራ ነው። ሥራው ባለቀበት ቦታ ላይ ያ ዕድል አምልጧል። ልማቱ ገና ባልደረሰባቸው የወንዝ ዳርቻዎች ላይ ግን አሁንም አለ፤ ለእኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች መቆም ያለባቸው ካማሩት ፓርኮች ይልቅ እዚያ፣ ሽታው በሚከብደው፣ ፕላስቲክ በተንጠለጠለበት ቁጥቋጦ ዳር ነው።

ሌላው የከተማው ለውጥ መስታወትና መብራት ነው። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሜክሲኮ ባለው የፋይናንስ መንደር ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የአገሪቱን ረጅሙን ሕንፃ ጨምሮ በመስታወት የተሸፈኑ ፎቆች ተደርድረዋል፤ መንገዶቹም ሌሊቱን በመብራት ያሸበረቁ ናቸው። በሌሊት የሚጓዝ ወፍ በብርሃን ይሳባል፣ ማለዳ ላይ ደግሞ መስታወት ውስጥ የሚታየው ዛፍና ሰማይ እውነት ይመስለዋል። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን የሚደርሱ ወፎች ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ገምቷል። በቺካጎ በሐይቅ ዳር ባለ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ሥር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2023 ማለዳ አንድ ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሬሳ ተለቅሟል። ያንን ቁጥር ማወቅ የተቻለው በዚያው ሕንፃ ሥር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በየማለዳው የሞቱ ወፎችን የሚለቅሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ያለው ስስ ሽፋን ሲለጠፍ የሟቾቹ ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ መውረዱን የነገረውም ያው መዝገብ ነው። የአዲስ አበባው ተመሳሳይ ሥራ ከፍተኛ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጋቢትና በሚያዝያ ማለዳ የጽዳት ሠራተኞች ሳይጠርጉ በፊት ከአምስት ሕንፃዎች ሥር መዞር፣ የተገኘውን ፎቶ ማንሳት፣ ያልተገኘበትንም ቀን «0» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ የሕያዋን ቆጠራ ያህል ደስ የማይል ቢሆንም፣ የሕንፃ ባለቤትን ለማነጋገር ከምንም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው።

መሰናክሉ እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ወፉ ላይ አይደለም። የከተማዋ መሀል የቤተ መንግሥት፣ የምክር ቤት፣ የኤምባሲዎችና የጸጥታ ተቋማት መንደር በመሆኑ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ዓይኑ ላይ ደግኖ የቆመ ሰው በጥርጣሬ ቢታይ የጥበቃውን ሰው መውቀስ አይቻልም። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ ከነዚህ አጥሮች የራቀና ፈቃዱ በጽሑፍ የተያዘ እንዲሆን፣ ቆጣሪዎቹም ብቻቸውን ከመሆን ይልቅ ሁለት ሁለት እንዲሆኑ ያስፈልጋል። መነጽሩም ውድ ነው፤ ለአራት ሰው አንድ ከተገኘ ጥሩ ነው። ነገር ግን በመሀል ከተማ ካሉት ወፎች አብዛኞቹን ያለ መነጽር መለየት እንደሚቻል፣ ዋናው መሣሪያም ጆሮ እንደሆነ የቆዩ ቆጣሪዎች ያውቃሉ። ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ድምፅ ማስለየት ይረዳል፤ ያለውን ሁሉ አምኖ መመዝገብ ግን አደገኛ ነው፣ ያልታየ ወይም በራስ ጆሮ ያልተለየ ወፍ አይጻፍም።

ፈቃደኛ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የመጀመሪያው መልስ ተማሪ እንደሆነ ይታሰባል። ተማሪ ግን ፈተና ሲደርስ ይጠፋል፣ ክረምት ሲሆን ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ ሲመረቅ ጭራሽ ይለቃል። በአንድ ስፍራ ዓመታትን የሚያሳልፈው የፓርኩ አትክልተኛ፣ የግቢው ጥበቃ፣ የደብሩ አገልጋይና ዘወትር በማለዳ ኪዳን የሚሄዱት እናት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጥንብ አንሳው የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር፣ ጨረባዎቹ ስንት ቀን እንደቆዩ ሳይጠየቁ ያውቃሉ። ከተማሪው የሚለያቸው እርሳስና ቅጽ የሰጣቸው አለመኖሩ ብቻ ነው። የወፍ ቆጠራን የተማረና መነጽር ያለው ሰው ጨዋታ አድርጎ ማሰቡ፣ ያለንን የተሻለ ዓይን እንድንተወው ያደረገን ይመስለኛል።

እንዲህ ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃው ትንሽ ነው። ከቀበና ዳር አንድ ነጥብ፣ ከባንተይቀጡ አንድ፣ ከስድስት ኪሎ ግቢ አንድ፣ ከቅድስት ሥላሴ ቅጥር አንድ፣ ከጃን ሜዳ ጠርዝ አንድ፣ ከወዳጅነት ፓርክ ኩሬ አንድ፤ በድምሩ 6 ነጥብ። ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 30 በሳምንት አንድ ቀን፣ በየነጥቡ 20 ደቂቃ። የግንቦቱ ቅዳሜ ሲደርስም መቅረት የለበትም፤ በተከታታዩ ዝርዝር ውስጥ የመጨረሻው መስመር ይሆናል። በዚያ መስመር ላይ ከሰሜን ተጓዦች ጎን የሚጻፈው ቁጥር በአብዛኛው ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከእሱ በላይ ባሉት 13 መስመሮች ላይ 4፣ 11፣ 26፣ 9፣ 2 እያለ ወጥቶ የወረደ ቁጥር ካለ፣ ያ ዜሮ ወፎቹ በየትኛው ሳምንት አዲስ አበባን እንደለቀቁ የሚያሳይ ይሆናል።